«ደም ብዛት»፣ የቻይና ባህላዊ መድኃኒት እና የመለኪያው ምስክርነት

(በፍኖተ ሰላም ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለጤና ባለሙያዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ጽሑፍ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የተሰጠኝ ርእስ «የደም ግፊትን በቻይና ባህላዊ ሕክምና ማከም ይቻላልን?» የሚል ነው። ጥያቄው ከሩቅ አገር የመጣ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። የቻይና የሕክምና ቡድኖች ወደ አገራችን መምጣት የጀመሩት በ1974 ነው። በአዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራ ነው። ከሐኪሞቹ በተለየ መንገድ ደግሞ፣ ማንበብ በማንችለው ፊደል የተጻፈባቸው የሻይ ከረጢቶችና እንክብሎች በነጋዴ እጅ እስከ ገጠር ገበያዎቻችን ይደርሳሉ።

እኔም ከዚህ ጥያቄ ጋር የተዋወቅሁት በቤተ መጻሕፍት ውስጥ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ በቡሬ አካባቢ የሚኖር ገበሬ ነው። አባታችን በልጅነቴ ስለ ሞተ፣ በሬ ጠምዶ እኔን ትምህርት ቤት የላከኝ እሱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ሕመም ምክንያት ጤና ጣቢያ ሄዶ የደም ግፊቱ ሲለካ 180 በ110 ሆኖ ተገኘ። ኢናላፕሪል የተባለ ኪኒን ታዘዘለት። ኪኒኑን መዋጥ ከጀመረ በኋላ ደረቅ ሳል ያዘው። በዚህ መካከል አንድ ነጋዴ «የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ነው፤ ደም ብዛትን ከሥሩ ይነቅላል» ብሎ የሻይ ከረጢት ሸጠለት። ወንድሜ ሻዩን ጠጣ፤ ኪኒኑን ተወ። ሳሉም ለቀቀው፤ ራሱን ያዞረው የነበረውም ተሻለው።

ለጥምቀት ስሄድ ከረጢቱን መደርደሪያው ላይ አየሁት። እንግዲህ እኔ የመድኃኒት ሳይንስ መምህር ነኝ። «ወንድም ጋሼ፣ ኪኒኑስ?» አልሁት። «ኧረ እኔ ደኅና ነኝ፤ አንተ ብቻ አትጨነቅ» አለኝ። እኔም «ሻይ ነው፤ ምን ይጎዳዋል?» ብዬ በልቤ ዝም አልሁ። የሆነውን በንግግሬ መጨረሻ እነግራችኋለሁ። ዛሬ የምናገረው ግን ያን ቀን ልናገረው ይገባኝ የነበረውን ነው።

ነገሬን በአንድ ዐረፍተ ነገር ላስቀድም። የደም ግፊት በስሜት የማይታወቅ በሽታ ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱም፣ የቻይና ይሁን የጎጃም ወይም የአውሮፓ፣ በስሜት ሊመዘን አይችልም።

ከስሙ እንጀምር። ሕዝባችን ይህን በሽታ የሚጠራው «ደም ብዛት» ብሎ ነው። ስም ደግሞ በውስጡ ትምህርት ይይዛል። ደም በዛ ካልን መፍትሔው ማጉደል ነው ማለት ነው። ዋግምት የሚባለው የቆየ ሕክምናችን ከዚህ አስተሳሰብ ጋር ይስማማል፤ ቆዳው በምላጭ ይበጣል፤ ቀንድ ይደገንበታል፤ አየሩ ሲመጠጥ «መጥፎው ደም» ይወጣል። ቻይናውያንም በቀርከሃ፣ በቀንድና በብርጭቆ የሚሠሩት ተመሳሳይ ሕክምና አላቸው። ሁለት ሕዝቦች ሳይመካከሩ ወደ አንድ ሐሳብ መድረሳቸው ሊያስገርመን ይገባል እንጂ ሊያስቀን አይገባም።

ነገር ግን በሽታው የደም መብዛት አይደለም። ደም በሥሮቹ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ነው። ትናንሾቹ የደም ሥሮች ሲጠቡና ሲደድሩ፣ ኩላሊትም ጨውንና ውኃን እንደሚገባ ማስወገድ ሲሳነው፣ ልብ ያንኑ ደም ለማስተላለፍ በበለጠ ኃይል ትገፋለች። የቧንቧውን ጫፍ በጣት ስንይዘው ውኃው እንደሚበረታው ማለት ነው፤ ውኃው አልበዛም፤ መንገዱ ጠበበ እንጂ። «ደም ግፊት» የሚለው አዲሱ ስም ትክክለኛ የሆነው ስለዚህ ነው። ስሙ ቢታረምም ግን አሮጌው ትምህርት በልባችን አለ። ብዙ ሰው ዛሬም «ደሜ ሲበዛ ይሰማኛል፤ ያን ጊዜ መድኃኒት እወስዳለሁ» ይላል።

አይሰማም፤ ችግሩም ይህ ነው። ግፊቱ 160 የሆነ ሰው ሲያርስ ይውላል፤ ሠርግ ላይ ይጨፍራል፤ ምንም አያመውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ30 እስከ 79 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች መካከል 1.4 ቢሊዮን ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ሲኖርባቸው፣ ግማሽ ያህሉ አያውቁትም። በኢትዮጵያም በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ዳሰሳ ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች 16 በመቶ ገደማው ከፍተኛ ግፊት ተገኝቶባቸዋል። አበው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። በዚህኛው ሕመም ግን የሚሸሽገው ታማሚው አይደለም፤ በሽታው ራሱን ከታማሚው ይሸሽጋል።

ታዲያ የሰው ልጅ ይህን በሽታ መቼ አወቀው? ጣሊያናዊው ሐኪም ሪቫ ሮቺ በክንድ ላይ የሚታሰረውን መለኪያ ያስተዋወቀው በ1896 ነው። ሩሲያዊው ኮሮትኮፍ በማዳመጫ የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር የመለየትን ዘዴ የገለጸው በ1905 ነው። መለኪያ ከመፈጠሩ በፊት የትኛውም የዓለም ሐኪም፣ የቻይናም ሆነ የአውሮፓ፣ የእኛም መድኃኒት ዐዋቂ፣ «የዚህ ሰው ግፊት 160 ነው» ሊል አይችልም ነበር። ስለዚህ «ለሁለት ሺህ ዓመት የተፈተነ የደም ግፊት መድኃኒት» የሚል ማስታወቂያ ስታነቡ ቆም በሉ። መድኃኒቱ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሆነው ይችላል፤ ፈተናው ግን አይችልም። ያልተለካ ነገር አልተፈተነምና።

ይህን ስል የቻይናን ሕክምና ለመናቅ አይደለም። ጥልቅና ሥርዐት ያለው ትምህርት ነው። የቻይና ሐኪም የታማሚውን አንጓ በሦስት ጣቶቹ ይዞ ትርታውን ለረጅም ጊዜ ያዳምጣል። ከሚለያቸው የትርታ ዓይነቶች አንዱ የተወጠረው ነው፤ በእኛ አነጋገር እንደ ክራር ጅማት የጠነከረ ልንለው እንችላለን። «የቢጫው ንጉሥ የውስጥ ሕክምና መጽሐፍ» የተባለው ጥንታዊ ድርሳናቸው ጨው ማብዛትን ከደም ሥር መበላሸት ጋር አያይዞታል። ይህ የታላቅ አስተውሎት ምልክት ነው።

ዛሬ እኛ የደም ግፊት የምንለውን በሽታ እነሱ በአብዛኛው የሚያዩት «ራስ ማዞር» እና «ራስ ምታት» በሚሉት ርእሶች ሥር ነው። እንደ ትምህርታቸው በሰውነት ውስጥ ዪን የሚባል የሚያበርድና የሚያረጋጋ ኃይል፣ ያንግ የሚባል የሚያሞቅና ወደ ላይ የሚወጣ ኃይል አለ። በጉበት ሥርዐት ውስጥ ዪን ሲደክም ያንግ ልጓም ያጣና ወደ ራስ ይወጣል፤ ፊት ይቀላል፣ ራስ ይዞራል፣ ቁጣ ይበዛል። ሕክምናውም የወጣውን ማውረድ ነው። ለዚህ ከሚሰጡት ቅመማዎች እጅግ የታወቀው ቲያንማ ጎውተንግ የተባለው የ11 ነገሮች ቅልቅል ነው። ብዙ ሰው ጥንታዊ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በዚህ መልክ ተቀናብሮ የታተመው በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ነው።

የዚህን ትምህርት ገደብም እዚሁ እናያለን። ሕክምናው የሚነሣው ታማሚው ከሚናገረው፣ ሐኪሙም ከሚያየውና ከሚዳስሰው ነው። ራሱን የሚያዞረው ሰው ሐኪም ዘንድ ይመጣል፤ የማያዞረው አይመጣም። ማዞሩ ሲለቀው ሁለቱም «ተፈወሰ» ይላሉ፤ ግፊቱ ግን ባለበት ሊኖር ይችላል። የእኛም ባህላዊ ሕክምና በዚህ ረገድ ከቻይናው አይለይም።

እንግዲህ ወደ መለኪያው እንሂድ። የቻይና ሕክምና በደም ግፊት ላይ በሚገባ ተመርምሯል ወይ? በከፊል አዎን፤ ውጤቱንም ሳልጨምርና ሳልቀንስ ላቅርብላችሁ።

በመጀመሪያ አኩፓንክቸር የተባለው የመርፌ ሕክምና። በ2006 በታተመ የአሜሪካ ጥናት 192 ሰዎች በዕጣ በሦስት ተመደቡ። አንደኛው ቡድን እንደ ቻይና ትምህርት ለእያንዳንዱ ታማሚ በተመረጡ ቦታዎች ተወጋ፤ ሁለተኛው ለሁሉም አንድ በሆኑ ቦታዎች፤ ሦስተኛው ለማስመሰል ብቻ ተወጋ። የግፊቱ ለውጥ በሦስቱም ተቀራራቢ ሆነ። በ2007 የታተመ የጀርመን ጥናት ደግሞ 160 ሰዎችን አካቶ፣ ከስድስት ሳምንት እውነተኛ ሕክምና በኋላ ግፊቱ በጥቂቱ እንደ ቀነሰ አሳየ፤ ከሦስትና ከስድስት ወር በኋላ ሲለካ ግን ቅናሹ ጠፍቶ ነበር። ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናቶች ገምጋሚ በ2018 በ1744 ሰዎች ላይ የተደረጉ 22 ጥናቶችን መርምሮ፣ መርፌው ግፊትን በዘላቂነት ዝቅ እንደሚያደርግ ማስረጃ እንዳላገኘ ጽፏል። የደም ግፊት ግን የዕድሜ ልክ በሽታ ነው፤ ለአንድ ቀን ወይም ለአንድ ወር የሚያወርድ ነገር አይበቃውም።

ሁለተኛ ቅመማዎቹ። ቀደም ብዬ የጠቀስሁትን ቲያንማ ጎውተንግን በሚመለከት ኮክሬን በ2012 ባደረገው ግምገማ፣ መስፈርቱን የሚያሟላ አንድም ጥናት አላገኘም። ልብ በሉ፤ «አይሠራም» አላለም፤ «ይሠራል የሚያሰኝ ተገቢ ጥናት የለም» ነው ያለው። በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ለእውነት ሚዛን የሚስማማውን ደግሞ ልጨምር። በ2022 የታተመ የቻይና ጥናት ከጥድ ቅጠል፣ ኩድዙ ከተባለ ተክል ሥርና ከዕንቍ ዛጎል የተሠራ እንክብል፣ ሎዛርታን ከተባለው ዘመናዊ መድኃኒት ጋር በ628 ሰዎች ላይ አነጻጽሮ፣ ግፊትን በማውረድ እንዳላነሰ አሳይቷል። ይህ መልካም ጥናት ነው፤ ቻይናውያን የራሳቸውን ቅርስ በመለኪያ ፊት ለማቆም አለማፈራቸውን ያሳያል። ነገር ግን ሰዎቹ ግፊታቸው ገና ቀላል የሆነ ነበሩ፤ ጊዜውም ስምንት ሳምንት ነበር። ወንድሜ 180 በ110 ነበረ፤ የሚያስፈልገውም የስምንት ሳምንት ሳይሆን የዘመን ጥበቃ ነበር።

ሦስተኛ ጉዳት። «ቅጠል ነው፤ ምን ይጎዳል?» የሚለው እኔን ያሳተኝ ቃል ነው። በብዙ የቻይና ቅመማዎች ውስጥ የሚገባው ጣፋጭ ሥር፣ ጋንጻኦ የሚሉት፣ ሲበዛ ሰውነት ጨውንና ውኃን እንዲይዝና ፖታሲየም እንዲያጣ ያደርጋል፤ ስለዚህ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ለጉንፋንና ለአስም የሚሰጡት ማሁዋንግ ኢፌድሪን ስለሚይዝ የደም ሥርን ያጠብባል፤ አሜሪካ በ2004 እርሱን የያዙ የምግብ ማሟያዎችን አግዳለች። ሐኪሙ ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ ለደም ግፊት ታማሚ እነዚህን ይጠነቀቃል። ነጋዴው ግን አያውቅም፤ ከረጢቱም አይናገርም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በብራስልስ የደረሰው ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ የቻይና ቅጠላ ቅጠል የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው በፍጥነት መድከም ጀመረ። በ1993 የቤልጅየም ሐኪሞች ነገሩን ይፋ አደረጉ፤ የተጎጂዎቹም ቁጥር በኋላ ከመቶ በለጠ። ብዙዎቹ በማሽን ደም ማጣራትና የኩላሊት ንቅለ ተከላ አስፈለጋቸው። ምክንያቱ የስም መመሳሰል ነበር። ፋንግጂ የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ተክሎች አሉ፤ በአንደኛው ምትክ ሌላኛው ገባ፤ የገባውም አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለውን የኩላሊት መርዝ የያዘ ነበር። በአንድ ስም ስንት ዓይነት ተክል እንደሚጠራ የምታውቁ የእጽዋት ተማሪዎች ይህን ታሪክ አትርሱት።

አሁን ወደ ደጃችን እንመለስ። እኛም ለደም ብዛት ነጭ ሽንኩርት እንበላለን፤ ሽፈራው አፍልተን እንጠጣለን፤ ጦስኝ በሻይ እናደርጋለን። የአገራችን ተመራማሪዎች ከሽፈራው፣ ከጦስኝ፣ ከዶቅማና ከድግጣ የወጡ ጭማቂዎችን በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ሞክረው ግፊትን ዝቅ የሚያደርግ ኃይል እንዳገኙባቸው ጽፈዋል። ደስ የሚል ጅማሮ ነው። ነገር ግን አይጥ ሰው አይደለችም። በአይጥ ላይ የታየው በሰው ላይ እስኪታይ ድረስ መጠኑ፣ ጉዳቱ፣ ከኪኒን ጋር ያለው ግንኙነት ሁሉ ገና ነው። በቻይናው ቅመማ ላይ የጠየቅሁትን በዶቅማው ላይ ካልጠየቅሁ ሚዛኔ አድሏዊ ይሆናል።

ባህላዊ ዕውቀት ወደ መድኃኒትነት የሚደርስበት መንገድ አለ ወይ? አለ፤ እኛም በዚህ ወረዳ የመንገዱ ተጠቃሚዎች ነን። በቆላው የወባ ወቅት ስንቶቻችሁ ኮአርተም ወስዳችኋል? በውስጡ ያለው አርቴሜተር ከቻይና ባህላዊ ሕክምና የተገኘ ነው። ቱ ዮዮ የተባለች ተመራማሪ በ1967 በተጀመረው የቻይና የወባ ፕሮጀክት ውስጥ ስትሠራ፣ ገ ሆንግ የተባለ ሐኪም በአራተኛው መቶ ዓመት የጻፈውን መጽሐፍ አነበበች። ሐኪሙ ተክሉን አፍልቶ ሳይሆን በውኃ ዘፍዝፎና ጨምቆ መጠጣትን ይመክራል። ቱ ዮዮም ሙቀት ኃይሉን ያጠፋው ይሆናል ብላ በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው፤ ተሳካም። ከዚያ ግን ጽሑፉን ይዛ ወደ ገበያ አልሄደችም። በእንስሳት ላይ ሞከረች፤ ቀጥሎ ከባልደረቦቿ ጋር በራሷ ላይ፤ ከዚያም በታማሚዎች ላይ። በ2004 አገራችን ይህን መድኃኒት ከአጋሩ ጋር ለወባ ቀዳሚ ሕክምና አደረገችው፤ በ2015 ቱ ዮዮ የኖቤል ሽልማት ተቀበለች።

የደም ግፊት ኪኒኖችም ከዚህ የራቀ ታሪክ የላቸውም። ሬዘርፒን ከሕንድ ባህላዊ መድኃኒት ተክል ሥር ወጣ። ለወንድሜ የታዘዘው ኢናላፕሪል የሚመደብበት ቤተሰብ መነሻው የብራዚል እባብ መርዝ ነው። እንግዲህ ክርክሩ «ባህላዊ» እና «ዘመናዊ» በሚሉት መካከል አይደለም። በተለካና ባልተለካ መካከል ነው።

ታዲያ ለደም ግፊት ከቻይና ምን እንማር? እኔ የምመርጠው ከረጢቱን አይደለም፤ ሁለት የገጠር ሥራዎቻቸውን ነው።

አንደኛው የጨው ጥናታቸው ነው። በ600 የገጠር መንደሮች፣ ከዚህ ቀደም ስትሮክ የመታቸው ወይም 60 ዓመት የሞላቸውና ግፊት ያለባቸው 20,995 ሰዎች ተመረጡ። የግማሾቹ መንደሮች ሰዎች የዘወትር ጨዋቸው ሩብ ያህሉ በፖታሲየም ክሎራይድ በተተካ ጨው ተለወጠላቸው። በ2021 የታተመው ውጤት፣ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ስትሮክ በ14 በመቶ፣ ሞትም በ12 በመቶ እንደ ቀነሰ አሳየ። መርፌ የለም፤ ምስጢራዊ ቅጠል የለም፤ የወጥ ጨው ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይበቃል ይላል፤ የ2015ቱ ዳሰሳ ኢትዮጵያውያን ከ8 ግራም በላይ እንደምንበላ አሳይቷል። በገጠራችን በቡና እንኳ ጨው የሚጨምር ቤት አለ። በእርግጥ የኩላሊት ሕመም ላለበት፣ ፖታሲየምን ከፍ የሚያደርግ ኪኒን ለሚወስድም ሰው ይህ ዓይነቱ ጨው አደጋ ስለሚያመጣ ያለ ሐኪም ምክር አይሰጥም። ጨው መቀነስ ግን ለሁላችንም ክፍት ነው። አዮዲን በጨው ውስጥ እንዲጨመር በሕግ የደነገገች አገር የጨዋን ነገር ደግማ ማሰብ አያቅታትም።

ሁለተኛው የመንደር ሐኪሞች ሥራ ነው። ቻይና በ1960ዎቹና በ70ዎቹ «ባዶ እግር ሐኪሞች» የተባሉ፣ አጭር ሥልጠና ያገኙ ገበሬዎችን በየመንደሩ አሰማርታ ነበር። የእነርሱ ተተኪዎች በ326 መንደሮች 33,995 የግፊት ታማሚዎችን በያዘ ጥናት ተፈተኑ። በሐኪም እየተመሩ፣ በቀላል መመሪያ መሠረት ግፊት ለኩ፤ ርካሽ ወይም ነጻ ኪኒን ሰጡ፤ መጠኑን አስተካከሉ፤ ቤት ድረስ ተከታተሉ። በ2023 የታተመው ውጤት፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የልብና የደም ሥር ሕመም በ33 በመቶ እንደ ቀነሰ ያሳያል። እኛም ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። በእያንዳንዷ እጅ የሚሠራ መለኪያና የማይቋረጥ የኪኒን አቅርቦት ቢኖር ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። መንገድ ሲዘጋና መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ሰው ወደ ከረጢቱ ቢሄድ፣ ስሕተቱ የእሱ ብቻ አይደለም።

ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ሦስት ነገር ያዙልኝ። መጀመሪያ፣ ቤተሰባችሁን አስለኩ፤ ደጋግሞ ሲለካ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ምንም ባያመውም ታማሚ ነው። ሁለተኛ፣ ባህላዊ መድኃኒት የሚወስድን ሰው አትስደቡት። ከተሰደበ ይደብቃል። «ምን እንደሆነ አሳየኝ፤ ኪኒኑን ሳትተው ግን አብረን እንለካ» በሉት። ኪኒኑ ካሳለው መልሱ መተው አይደለም፤ ወደ ሐኪም ተመልሶ በሌላ ማስለወጥ ነው፤ እንደ አምሎዲፒን ያሉ ያንን ሳል የማያመጡ አሉ። ሦስተኛ፣ ከእናንተ መካከል ተመራማሪ የምትሆኑ የመድኃኒት ዐዋቂዎቻችንን ደጅ በአክብሮት ጥኑ፤ የሚነግሯችሁን በትክክለኛው የተክል ስም መዝግቡ፤ ከዚያም እንደ ቱ ዮዮ እስከ መጨረሻው ለኩት።

የወንድሜን ነገር ልጨርስ። ከዚያ ጥምቀት በኋላ በአራተኛው ወር፣ አንድ ማለዳ ቀንበር ሊያነሣ ጎንበስ እንዳለ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ምላሱም ተሳሰረ። ሆስፒታል ሲደርስ ግፊቱ 210 በ120 ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ነፍሱ ተርፋለች፤ በከዘራ ይሄዳል፤ እርሻውን ግን ልጁ ነው የሚያርሰው። በኋላ ሳስበው፣ ሳሉ የለቀቀው ሻዩ ስላዳነው አልነበረም፤ ኪኒኑን ስለ ተወ ነው። ይህን ለማወቅ የዶክትሬት ዲግሪ አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን ዲግሪውን ይዤ ዝም አልሁ። ስትሮኩ ሻዩን ባይጠጣም ሊመጣ ይችል ነበር ብላችሁ ታጽናኑኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ይችል ነበር። ያን ቀን በቦርሳዬ ውስጥ የግፊት መለኪያ ነበረ። አውጥቼ ብለካው ኖሮ ሁለታችንም ሳንከራከር ቁጥሩ ይነግረን ነበር።

አሁን በሄድሁ ቁጥር መጀመሪያ የማደርገው ይህንኑ ነው። ግራ እጁን ይዘረጋልኛል፤ ቁጥሩን ሲሰማ ይስቅና «ዛሬስ ምን አለ ያንተ ምስክር?» ይለኛል። ባለፈው ወር 134 በ82 አለ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ ከውይይቱ በኋላ ደግሞ በበሩ አጠገብ መለኪያ ይዘው የሚጠብቋችሁ ተማሪዎች አሉ፤ እባካችሁ ሳትለኩ አትሂዱ።